በሶዬን ማን አሻገተው?

«እትዬ የሺ፣ በሶው ሻግቷል።»

ይህን በስልክ ያለችኝ ወይዘሮ ምሕረት ናት። ለትምህርት ቤቶችና ለሆቴሎች ምግብ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ጥራት የምትቆጣጠር፣ ቃል የማታባክን ሴት። ዕለቱ ሰኞ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ነበር። እኔ ዓባይ ማዶ ካለችው ማምረቻዬ በር ላይ ቆሜ ካርቶን አስጭናለሁ።

«የኔ በሶ?» አልሁ።

«የእርስዎ። ከረጢቱ ሲከፈት ጓጉሏል። አንዳንዱ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ። ልጆች ሊጠጡት የነበረ ነው፣ እትዬ።»

«ምናልባት መጋዘናችሁ . . .»

«መጋዘናችን ደረቅ ነው። የሌላ ሰው ዕቃ አልሻገተም። እስከ ቅዳሜ ምክንያቱን ደርሰውበት፣ ማስተካከያውን በጽሑፍ ካመጡ እንነጋገራለን። ካላመጡ ውላችን እዚህ ላይ ያበቃል። የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም መልሼ ልኬልዎታለሁ።»

ዘጋችው። የጭነቱን ሰዎች «አውርዱት» አልኋቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «ደክሞታል፣ ይረፍ» ብዬ ገባሁ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርትን ተሰናብቼ ባሕር ዳር መናኸሪያ ቆሎ በሰፌድ ያዞርሁ ሴት ነኝ። የቀረውን ያስተማረኝ መናኸሪያው ነው። ፈተናው በየቀኑ ነው፤ የወደቀ ጦሙን ያድራል። ከቆሎ ወደ እህል ንግድ፣ ከእህል ወደ በሶ ተሻገርሁ። አንድ መቁያ፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ ማደባለቂያ ማሽንና አሥራ አንድ ሠራተኞች ነበሩኝ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ቤታቸውን ብቻቸውን ይዘው የቆሙ። የምሕረት ውል ከሄደ ማስቀረት የምችለው ሦስቱን ብቻ እንደሆነ ገና ስልኩ ሳይዘጋ አውቄዋለሁ። የትኞቹን ሦስት የሚለውን ግን ማሰብ ፈራሁ።

የምንሠራው በሶ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደረቁ፣ ስኳርና ጨው ብቻ የሚገባበት፣ ጾመኛ የሚጠጣው። ሁለተኛው ለሕፃናት የወተት ዱቄት የሚጨመርበት ነው፤ እሱን የጀመርነው የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ነበር። የሻገተው የወተቱ ቢሆን ባልገረመኝ። የሻገተው ደረቁ ነው! የጥንት ሰው በስልቻ ቋጥሮ ስንት ሳምንት የሚጓዝበት በሶ፣ በኔ እጅ፣ በታሸገ ላስቲክ ውስጥ ሻገተ። ይህ ከኪሳራ አልፎ ነውር ነው።

ሠራተኞቹን ሰበሰብሁ። አንዷ የላስቲኩ ጥፋት ነው አለች። አንዷ የጣና እርጥብ ነፋስ ነው አለች። ወፍጮ ላይ የሚሠራው ልጅ አፉን ሲከፍት «ቡዳ ነው» ሊል እንደሆነ ስለገባኝ ቀድሜ «አንተ ዝም በል» አልሁት። እማማ ጥሩነሽ ብቻ ምንም አላሉም። እማማ ጥሩነሽ የደቅ ደሴት ቄስ ልጅ ናቸው፤ ማደባለቂያው የሳቸው ነው። የተደባለቀውን ሁሉ ቀምሰው «ይለፍ» ካላሉ አይታሸግም። ላቦራቶሪያችን የሳቸው ምላስ ነበር። በጾም ቀን ወተት ስለማይቀምሱ፣ ሥራችንን በሳቸው ምላስ ልክ ሰፍተነዋል፤ የወተቱ በሶ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ደረቁ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ይሠራል።

የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስቴር ከሥራ ገባች። አስቴር የሆሳዕና ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማ አንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች። ፊቴን አይታ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት።

«እትዬ፣ ለምን ኤአይን አይጠይቁትም?»

«ማን ነው እሱ?»

«ሰው አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ በስልክ የሚያናግሩት። እኛም ማሽን ሲያስቸግረን እንጠይቀዋለን።»

«በሶ ጠጥቶ ያውቃል?»

«የት ጠጥቶ!»

«ታዲያ ያልጠጣውን በሶ ምን ብሎ ይመረምረዋል?»

«ሐኪምም እኮ ታይፎይድ ሳይዘው ነው ታይፎይድ የሚያክመው።»

ስልኳን ሰጠችኝ፤ እኔ ተናገርሁ፣ እሱ ጻፈ። አማርኛው ዜና አንባቢ ይመስላል፤ ግን አያቋርጥም፣ አይቆጣም። ከወንድሞቼ መካከል እንዲህ ያለ አላገኘሁም። እርጥበት ከብዙ በር ሊገባ እንደሚችል ዘረዘረልኝ፦ ከክረምት በኋላ የተገዛ ገብስ በደንብ ያልደረቀ ሊሆን ይችላል፣ ቆሎው ሳይበርድ ታሽጎ ይሆናል፣ ላስቲኩ አየር ያስገባ ይሆናል፣ ማሽን ላይ ውኃ ቀርቶ ይሆናል። ከዚያ ጥያቄ ደረደረ። እኔ ግን «ገብስ» የሚለውን ሰምቼ የቀረውን አልሰማሁም። ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲያገኝ ጆሮው ይዘጋል፤ ጥፋቱ ከበሬ ውጭ እንዲሆንልኝ ነበር የምፈልገው።

ማክሰኞ በጠዋት ሐሙሲት ከተማ ወረድሁ። ገብስ የሚያቀርብልኝ ጋሽ ገዳሙ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘሁት። ሰላምታ እንኳ አላስጨረስሁትም።

«ጋሽ ገዳሙ፣ እርጥብ ገብስ ሸጠህልኛል።»

«እኔ? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ስልክ።»

በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ገዳሙ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሰማችሁ? እስከ ዛሬ ሰው ነበር የሚከሰኝ፣ ዛሬ ስልክ ከሰሰኝ! ጠበቃ ላቁም ወይስ ሲም ካርድ ልግዛ?»

ተሳቀብኝ። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ፣ ከጆንያ ዘግኖ ሰጠኝ። «ንከሺው።» ነከስሁት። ቀጭ! «ከዚህኛውም ንከሺ።» ቀጭ! አምስት ጆንያ ነከስሁ፤ እርጥብ ገብስ ከጥርስ ሥር ይለመጣል እንጂ እንዲህ አይጮህም። ጥርሴ መሰከረበት እንዳልል መሰከረለት።

«የሺ» አለኝ፣ አሁን ሳይስቅ፣ «የወተቱ በሶስ ሻግቷል?»

«አልሻገተም።»

«ሁለቱ ከአንድ ጆንያ አይደል የሚወጡት? ገብሱ ቢሆን እንዴት አንዱን መርጦ ያሻግታል?»

በመልሱ ሚኒባስ ያንኑ ጥያቄ ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። ይህን ያህል ሒሳብ ለመሥራት ሐሙሲት ድረስ መሄድ አልነበረብኝም።

ከሰዓት በኋላ የምሕረት ካርቶኖች ተመልሰው መጡ። አስቴር ከሥራዋ አስፈቅዳ ቀድማ ወጥታ ነበር። «አሁን ጥያቄዎቹን እንመልስለት፣ እትዬ። ትናንት እኮ የጠየቀዎትን አንዱንም አልመለሱለትም» አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀው የተበላሹት መቼ እንደታሸጉ ነበር። እኛ ካርቶን ላይ ቀኑንና ከጠዋት ጀምሮ የታሸገበትን ተራ እንጽፋለን። ወለሉ ላይ ሸራ ዘርግተን ሁሉንም እየከፈትን ደህናውን በቀኝ፣ የጓጎለውን በግራ አሰለፍነው። አስቴር ከካርቶኖቹ ላይ እያነበበች ጻፈችለት።

መልሱ ወዲያው መጣ። ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ የተበላሹት ሁሉ የታሸጉት ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው። ቅዳሜ ከታሸገው አንድም የተበላሸ የለም። በነዚያ ሁለት ቀናትም ቢሆን የተበላሹት የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ናቸው፤ እኩለ ቀን ላይ የታሸጉት ደህና ናቸው።

ዞሬ ሸራውን አየሁት። እውነቱን ነው። ዓይኔ ሥር ተሰልፎ ሳለ አላየሁትም።

«ረቡዕና ዓርብ ምን አለ?» አለች አስቴር።

«ጾም ነዋ። እናንተ ጴንጤዎች ይህም ይጠፋችኋል?»

«ታዲያ ጾም ያሻግታል?»

«ጾም ቢያሻግት ጎጃም እስከ ዛሬ አረንጓዴ በሆነ ነበር።»

ስልኩ ግን ቀልድ አልያዘም። «ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማደባለቂያው ላይ ምን ይደረጋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም» አልሁት። «ይነሣል፣ ይሠራል።»

«ይህን በዓይንዎ አይተዋል ወይስ እንደዚያ ይመስልዎታል?»

ደሜ ፈላ። የገዛ ማምረቻዬን! አስቴር ወደ ጣሪያው ታያለች፣ ላለመሳቅ። ከዚያ ንዴቴ ሲበርድ አሰብሁት። እኔ የምደርሰው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በሩን የሚከፍቱት እማማ ጥሩነሽ ናቸው፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚሆነውን እኔ አንድ ቀንም አይቼው አላውቅም።

«አላየሁም» አልሁ። ይህን ቃል ለስልክ መናገር ለሰው ከመናገር እንደሚቀል ያን ቀን አወቅሁ።

እንግዲያው ሄጄ እንዳይ ነገረኝ። አንድ ፈተናም ሰጠኝ፦ ሦስት ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮ፣ በአንዱ ከወፍጮ የወጣ ዱቄት፣ በሁለተኛው የተነፋው፣ በሦስተኛው ከማደባለቂያው መጀመሪያ የወጣው ይጨመር። ጥብቅ ተደርጎ ተከድኖ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ውስጡ ውኃ ያለበት መስታወቱን ያልበዋል።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገብቼ ከገብስ ጆንያዎች ኋላ ቆምሁ። በገዛ ቤቴ ሌባ መሰልሁ፤ አንዱ ሠራተኛ ቢያገኘኝ ምን እንደምለው እንኳ አላሰብሁበትም።

የውኃ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጸሎታቸውን እያነበነቡ፣ የማደባለቂያውን ውስጥ በሙቅ ውኃ ያጥባሉ። ዙሪያውን፣ ክዳኑን፣ ምላጮቹን። ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ነው የሚያጥቡት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉት። አማተቡ። ሌሎቹ ሲመጡ ማሽኑ የሚያበራ፣ ደረቅ የሚመስል ነበር።

ሰው ሲበዛ ከተሸሸግሁበት ወጣሁ። የመጀመሪያው ድብልቅ ሲወጣ ሦስቱን ማሰሮዎች ሞልቼ በመስኮቱ ውጭ ፀሐይ ላይ ደረደርሁ። ከዚያ «ሥራ አቁሙ» አልሁ። ማሽኑ ጠፍቶ ክዳኑ ሲነሣ እጄን ከምላጮቹ ሥር፣ ጨርቅ ከማይደርስበት ስፍራ ሰደድሁት። ጣቴ ላይ ሊጥ ይዞ ወጣ።

አራት ሰዓት ሲሆን ወደ መስኮቱ ሄድሁ። የመጀመሪያው ማሰሮ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው። የሦስተኛው መስታወት ከውስጥ አልቦት፣ ጠብታው ቁልቁል ይወርዳል።

ልደብቃችሁ አልችልም፦ ከሰኞ ጀምሮ ጥፋተኛውን ስይዝ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። ጥሩ ስድብ ነበር፤ የመናኸሪያ ዘመኔን የሚያስታውስ። እማማ ጥሩነሽን ለብቻቸው ጠርቼ ሳያቸው ግን ያ ሁሉ ስድብ ባለቤት አጣ።

«እማማ፣ ማሽኑን ያጥቡታል?»

ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«አየሁዎት።»

ጆንያ ላይ ተቀመጡ። «ማክሰኞ ወተት ይሠራበታል። ረቡዕ የጾም በሶ ይወጣበታል። ሐሙስ ወተት፣ ዓርብ ጾም። የሚገዛን ሰው አምኖን ነው የሚጠጣው። የወተት ብናኝ አብልተን የሰው ጾም ልንሽር ነው፣ ልጄ?»

«እሱስ ልክ ነዎት። ለምን አልነገሩኝም?»

«በጎ ነገር ሲሠሩት እንጂ ሲያወሩት ያምራል?»

ማሰሮውን አሳየኋቸው። ነገሩን ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ማሰሮውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተመለከቱት።

«እንግዲያው እኔ ነኝ ያሻገትሁት» አሉ። የበሩን ቁልፍ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ዘረጉልኝ። «እንኪ። በኔ ምክንያት የነዚህ ሴቶች እንጀራ አይዘጋ።»

ቁልፉን አልተቀበልሁም። ወደ አስቴር ደውዬ፣ ማጠቡ ራሱ ስህተት እንደሆነ ጠይቂልኝ አልኋት። ጥቂት ቆይታ አነበበችልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሳቸውም አሰማኋቸው። ማጠቡ ትክክል ነው፤ ወተት የሠራ ማሽን ሳይታጠብ ሌላ ሊሠራበት አይገባም፤ ለጾመኛ ብቻ ሳይሆን ወተት ለሚያሳምመው ሰውም አደገኛ ነው። የጎደለው ማድረቅ ነው። ምላጩ ተፈትቶ፣ ሁሉም ፍጹም ሳይደርቅ ዱቄት መግባት የለበትም።

እማማ ጥሩነሽ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው ሰሙ። «ይህ ስልክ ጾመኛ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ እማማ።»

«ታዲያ የኛን ነገር እንዴት አወቀው?»

«ጠይቆ።»

«ጥሩ ጠይቋል» አሉ። ከዚያ ቁልፉን እንደያዙ፣ «ግን በየማለዳው ምላጭ ስንፈታና ስናደርቅ ልንኖር ነው? በየቤታችን የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻው አይደለም? ለምን ወተቱ የራሱ ዕቃ አይኖረውም?»

አየኋቸው። አየኋት አስቴርንም፣ በስልክ ውስጥ ብትሆንም። ይህን ስልኩ አላለውም፣ እኔም አላልሁትም። በሽታውን ያገኘው በሶ ቀምሶ የማያውቅ ነገር ሆነ፤ መድኃኒቱን ያገኙት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሁለት ድስት ያጠቡ ሴት።

ሐሙስና ዓርብ በከተማው ሱቆች የቀረውን የረቡዕና የዓርብ በሶ ሁሉ፣ የተበላሸውንም ደህና የሚመስለውንም፣ ሰብስበን ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርነው። ባለሱቆቹ «ደህና እኮ ነው፣ ተዪው» ሲሉኝ «ደህና መሆኑን አይተሃል ወይስ ይመስልሃል?» እላለሁ። ከእህል መጋዘኔ ድሮ የምንጠቀምባትን ትንሽ ማደባለቂያ አስወጥቼ፣ አስጠግኜ፣ «ወተት» ብለን በቀይ ቀለም ጻፍንባት። ትልቁ ከዚያ ቀን ወዲህ ወተት አይቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ምሕረት ቢሮ ስገባ ብቻዬን አልነበርሁም። እማማ ጥሩነሽ ዓርብ ምላጩ ተፈትቶ በደረቀው ትልቁ ማሽን ከተሠራው ደረቅ በሶ አንድ ከረጢት ይዘው፣ ያላበውን ማሰሮ በነጠላቸው ጠቅልለው አብረውኝ ገቡ። ምሕረት ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ማሰሮውን በብርሃን አየችው።

«ማን ጻፈው ይህን?»

«ኤአይ አረቀቀው፣ የአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠራተኛ አረመችው፣ እኔ አንብቤ ያልገባኝን ሰረዝሁና ፈረምሁበት።»

«ማሽኑን ያጠበችውን ሠራተኛ ምን አደረጓት?»

«የጥራት ኃላፊ። እኒህ ናቸው።»

ምሕረት ብዕሯን አስቀምጣ እማማ ጥሩነሽን አየቻቸው። «እማማ፣ ዳግመኛ ማሽኑ ውስጥ እርጥበት ቢያገኙስ?»

«አይነሣማ።»

«እትዬ የሺ ‹ይነሣ፣ ትእዛዝ አለብን› ቢሉዎትስ?»

«እሷም አትነሣም» አሉ፣ ቁርጥ አድርገው።

ምሕረት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ፈረመች። «ከሰኞ ጀምሮ ይላኩ» አለችኝ። አሥራ አንዱም ሠራተኞቼ ሰኞ ዕለት ሥራ ገቡ፤ ማንንም አልመረጥሁም።

እናንተ አንባቢዎች፣ በተለይ እንደኔ ከጎዳና ተነሥታችሁ የሠራችሁትን ሁሉ በዓይኔ ጫፍ አውቀዋለሁ የምትሉ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስልክ ልሸጥላችሁ አይደለም። ያ ነገር መጀመሪያ ሲናገር እኔ ግማሹን ሰምቼ የዘመን ወዳጄን በሰው ፊት ከስሻለሁ፤ ጋሽ ገዳሙን ይቅርታ የጠየቅሁት እዚያው በረንዳ ላይ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ነው። የሚያውቀው የነገርነውን ነው፤ እኔ ደግሞ የነገርሁት የማላውቀውን ነበር። የኮራሁበት ግን ሌላ ነው። የመሰለኝን ለማየት ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ መሄዴ ነው። ካየሁ በኋላም ለጥፋተኛ ያዘጋጀሁትን ስድብ መዋጤ ነው። ያን ስድብ አውጥቼው ቢሆን ዛሬ የበሩ ቁልፍ በሌላ ሴት እጅ ይሆን ነበር፤ እሷም የማትነግረኝ አንድ ነገር ይኖራት ነበር።

አሁን ዓባይ ማዶ ዳቦ የሚጋግሩም፣ ዘይት የሚጨምቁም ዕቃቸው ሲያስቸግራቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። «ስልክሽን አውሺን» ይላሉ። ስልኩንስ እሰጣለሁ፤ «በመጀመሪያ ግን እማማ ጥሩነሽን አናግሩ» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ቸኩዬ ወደ ማደባለቂያው ክፍል ልገባ ስል በሩ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ከኋላቸው ሁለት አዲስ ሠራተኞች ቆመው ያያሉ።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«እማማ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። እጅሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

ወጣሁ። ታጠብሁ። አድርቄም ገባሁ።